ለላሟ መውጫ የቆመ ክስ

በእኛ ከተማ ፍርድ ቤት አንድ ባለጉዳይ ከተጠየቀው አልፎ ማውራት ሲጀምር፣ ከኋላ ወንበር የሚያንሾካሹኳት አንዲት ተረት አለች። ሰው ሲሰማት ይስቃል። እኔ ስትወለድ እዚያው ስለነበርኩ ብዙም አታስቀኝም።

የሕግ ረዳትነት ስማር ለልምምድ የተመደብኩት በፍርድ ቤቱ የነፃ ሕግ ድጋፍ ክፍል ነበር። አንድ ጠዋት እትዬ የሻረግ የሚባሉ ሴት ገቡና ነጠላቸውን አጣፍተው ፊቴ ቆሙ።

«ክብርት ዳኛ፣ አቤት ልል ነው።»

«እናቴ፣ ዳኛ አይደለሁም። ተማሪ ነኝ፤ ክስዎን የምጽፈው እኔ ነኝ።»

«ተማሪ ነሽ?» ነጠላቸውን ፈትተው ተቀመጡ። «እንግዲያማ አሳጥሬ ልንገርሽ። ሙሉውን ለዳኛው አወጋለሁ።»

አሳጥረው የነገሩኝ ይህ ነው። ላማቸው ወደ ግጦሽ የምትወጣው በእሳቸውና በጎረቤታቸው በአቶ ምትኩ ግቢ መካከል ባለው መተላለፊያ ነው። አቶ ምትኩ እዚያ ላይ ግንብ ጀምረዋል። የፊት ለፊቱ በር ደረጃ ስላለው ላም አያሳልፍም። መተላለፊያው ከተዘጋ ላሟ መሸጧ ነው፤ እትዬ የሻረግ ደግሞ የሚተዳደሩት በወተቷ ነው። ሌላ የተባባሉት ነገር እንዳለ ደጋግሜ ጠየቅኋቸው። የለም አሉ።

ክሱን ጻፍኩ። እግድ ወጣና ግንቡ በጅምር ቆመ። አቶ ምትኩ በመልሳቸው «ቦታው የእኔ ነው» ከማለት በቀር የረባ መከራከሪያ አላቀረቡም። እኔም ከችሎቱ በፊት እትዬ የሻረግን «እዚህ ሽምግልና አይደለም፤ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ» እያልኩ አስጠናኋቸው።

«ገባኝ፣ ልጄ» አሉ።

ቀኑ ደርሶ ዳኛው «ላሟ ሌላ መውጫ አላት?» ብለው ጠየቋቸው።

«የላትም ጌታዬ።»

ምነው እዚህ ላይ ዝም ባሉ። እሳቸው ግን ሽማግሌ ፊት እንደሚቀርብ ሰው፣ የራሳቸውን ጥፋት ካላወጡ እውነተኛ የማይባሉ መሰላቸው። «ምትኩንም ክፉ አልለውም» አሉ። «ያኔ በፋሲካ መጥቶ ‹እዚህ ጋ ግንብ ልሥራ› ሲለኝ፣ በበዓል ቀን ፊት አይነሣም ብዬ ‹ይሁን› ብዬዋለሁ።»

አቶ ምትኩ ራሳቸው ረስተውት ኖሮ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ጠበቃቸው ግን ተነሥተው «ቃላቸው ይመዝገብልን» አሉ። ተመዘገበ። ዳኛው «ፈቅደው ያስጀመሩትን ግንብ ይፍረስልኝ ማለት አይችሉም» ብለው ክሱን ዘጉት፤ እግዱም ተነሣ።

በረንዳው ላይ እትዬ የሻረግ ክንዴን ያዙ። «ደህና ተናገርኩ አይደል?»

«ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ዳኛ አይደለሁም አላልሽኝም? ደግሞ እኮ ይሁን ያልኩት፣ ለላምሽ በር እተውልሻለሁ ብሎ ስለማለልኝ ነው።»

«ታዲያ ይህን ለዳኛው ለምን አልነገሯቸውም?»

«አልጠየቁኝማ። የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ ብለሽ የለ?»

ይግባኝ እንበል ብላቸው፣ ከጎረቤት ጋር ሁለቴ አልካሰስም አሉ። ሳምንቱ ሳያልቅ፣ ግንቡ ከመገጠሙ በፊት፣ ላሟ በቀረው ክፍተት ወጥታ ወደ ገበያ ተነዳች። ገመዷን የያዙት ምስክር ሊሆኑ መጥተው ሳይጠሩ የተመለሱት ሽማግሌ፣ ጋሽ ድፋባቸው ነበሩ። ዞር ብለው እትዬ የሻረግን አዩና «እንግዲህ ምን ይባላል» አሉ፤ «ሳይጠየቅ የመለሰ፣ ለባላጋራው ደረሰ።»