አልበላ ያለው የባሕር እንግዳ

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬው ተረት ላምም በረትም የለውም። ያለው የመስተዋት ገንዳ ነው። «የጨው ገንዳ!» በሉኝ። አላችሁ? ጎሽ። እንግዲህ አድምጡ፤ ይሄን ነገር ባወራሁት ቁጥር ስለሚያናድደኝ መሀል ላይ አታቋርጡኝ።

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ባሕር በሌለበት አገር፣ የባሕር ዓሣ የሚወዱ ጋሽ አሰግድ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሳሎናቸው ውስጥ ትልቅ ገንዳ ገትረው፣ ውሃውን በጨው በጥብጠው፣ ቀይ ዓሣ ሰማያዊ ዓሣ ያኖሩበታል። አዲስ ዓሣ ሲመጣላቸው ግን ወዲያው ከነባሮቹ ጋር አይቀላቅሉትም። በሽታ ይዞ መጥቶ እንደሆነ እስኪለይ ድረስ ጓዳ ባለች ትንሽ ገንዳ ብቻውን ያስቀምጡታል። ለይቶ ማቆያ ይሏታል። አሸዋ የላት፣ ድንጋይ የላት። ያላት እንግዳው የሚሸሸግበት ቁራጭ ቧንቧና ቀን ከሌት «ቡልቅ! ቡልቅ!» የሚል ለፍላፊ የአየር ፓምፕ ነው።

ይቺ ገንዳ ሆደ ባሻ ነበረች። ከዚህ በፊት የመጣ አንድ እንግዳ እህል ሳይቀምስ ሞቶባታል። ሌላ እንዳይሞትባት ትፈራ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሩቅ ባሕር በላስቲክ ተቋጥሮ አንድ ቢጫ ዓሣ መጣ። ገና ውሃው ሲነካው ቧንቧው ውስጥ ጥልቅ አለ። ጭራው ብቻ ታየ።

እንግዳ የመጣ ለት ወርቅ ነው ይባላል፤ በማግስቱ ብር፣ በሦስተኛው ቀን ብረት።

በወርቁ ቀን ጋሽ አሰግድ ደረቅ ምግብ በትነውለት አፍንጫቸውን መስተዋቱ ላይ ለጠፉ።

«ብላ እንጂ፣ በሞቴ!»

ዓሣው ዝም።

«ብላ እንጂ፣ አፈር ስሆን!»

ዓሣው ዝም።

«ቅመስ እንጂ እንግዳዬ» አለች ገንዳዋ።

«ይቅርብኝ» አለ ዓሣው ከቧንቧው ውስጥ።

«ቡልቅ! ኩራት ነው!» አለ ፓምፑ።

ጋሽ አሰግድ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጨመሩለት! አንዱን ያልነካ እንግዳ ሁለቱን የሚበላ መስሏቸው። ምግቡ ሁሉ ታች ወርዶ ተኛ።

በብሩ ቀን ሽሪምፕ የሚሉትን፣ በረዶ ሆኖ የሚሸጥ ትንሽ የባሕር እንስሳ አሟሙተው፣ በነጭ ሽንኩርት ጭማቂ አሽተው መጡ። ወንበርም ይዘው መጡ። ጎረቤታቸውን እትዬ የሺንም ይዘው መጡ። ሁለት አፍንጫ መስተዋቱ ላይ ተለጠፈ።

«ብላ እንጂ፣ በሞቴ!» አሉ ጋሽ አሰግድ።

«ብላ እንጂ፣ እኔን ይድፋኝ!» አሉ እትዬ የሺ።

ዓሣው ዝም።

«ኧረ ቅመስ እንጂ እንግዳዬ» አለች ገንዳዋ።

«ይቅርብኝ።»

«ቡልቅ! ጥጋብ ነው! በሽንኩርት ለምነውት እንኳ!» አለ ፓምፑ።

አሁንም ጨመሩለት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! የትናንቱ ላይ የዛሬው ተደርቦ ገማ።

በብረቱ ቀን ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ ሰፈሩ በሙሉ ተጠራ። ጓዳዋ አፍንጫ በአፍንጫ ሆነች። አንዱ መስተዋቱን ያንኳኳል፣ አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ በባዶ አፉ እያላመጠ ያሳያል። ጋሽ አሰግድ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሽሪምፑን በሦስት ጣታቸው ጠቅልለው፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ገንዳዋ ውስጥ ከተቱ። ጉርሻ! ለዓሣ ጉርሻ!

«ጉርሻዬን አትመልስ! በሞቴ!»

ዓሣው ከድንጋጤው የተነሳ ከቧንቧው ወጥቶ በአራቱም ማዕዘን ተጋጨና ተመልሶ ተወሸቀ። ጎኑ ተልጧል። ሆዱ ገብቷል።

ገንዳዋ ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«ብላ! ብላ! ብላ!» ብላ ጮኸችበት። «አንተ አትበላ፣ እኔ በአንተ ትርፍ ልገማ! ያኛውም እንዲሁ ይቅርብኝ ይቅርብኝ እያለ ሞተብኝ! ምን በወጣኝ ነው እኔ የሬሳ ገንዳ የምሆነው?»

«ይቅርብኝ» አለ ዓሣው፣ በቀጭን ድምፅ።

ጎረቤቶቹ ሰለቻቸው። «የዓሣ ለቅሶ አንደርስም» እያሉ ተበታተኑ። ጋሽ አሰግድ ብቻቸውን ቀሩ። የገማውን ጠርገው፣ ውሃውን ቀይረው፣ አንዲት ቁራጭ ሽሪምፕ ብቻ ጣሉለት፤ የመጨረሻ ናት ብለው። ዓሣውን አዩት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እንባው ደግሞ አናደዳቸው።

«ስትሞትማ ቆሜ አላይህም!» አሉና የለበሱትን ጋቢ ገፈው ገንዳዋ ላይ ወረወሩት። በሩን ድርግም አድርገው ወጡ።

ገንዳዋ ውስጥ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

«ቡልቅ? ማን ነው ያጨለመው?» አለ ፓምፑ።

«ዝም በል አንተ!» አለ ጋቢው። ያረጀ ጋቢ ነው፤ ቁጣው አይጣል ነው።

ከትንሽ ጊዜ በኋላ ከቧንቧው ጫፍ ቢጫ አፍንጫ ብቅ አለ።

«ሄዱ?» አለ ዓሣው።

«እነማን?» አለች ገንዳዋ።

«ዓይኖቹ።»

«አዎ፣ ሄደዋል።»

ዓሣው ወጣ። ሽሪምፗን አንዴ ዞራት። ሁለቴ ዞራት። በሦስተኛው ቀጨም!

«እንዴ!» አለች ገንዳዋ። «ትበላለህ እንዴ?»

«መብላትማ እበላለሁ። አንጀቴ ታጥፎ!»

«ታዲያ ይቅርብኝ ስትል የከረምከው?»

«በእኛ ባሕር ትልቅ ዓይን ካለ ከኋላው ትልቅ አፍ አለ። እናቴ ‹ዓይን እያየህ አፍህን አትክፈት› ብላ ነው ያሳደገችኝ። ያ ሁሉ ዓይን ከቦኝ እንዴት ልጉረስ?»

ጋቢው ከት ብሎ ሳቀ። «ይኸው ነው? ይሄማ የእኛም አገር ደንብ ነው! እኔ ስንቱን በላተኛ ከዓይን ጋርጃለሁ። አሰግድ ራሱ ልጅ ሆኖ ታሞ፣ እህል አልወስድ ብሎ፣ ሰው ሁሉ ‹ብላ ብላ› ሲለው፣ እናቱ ናት በእኔ ከልላ አጥሚት ያጠጣችው። በዚህች ጥለት ነው አፉን የጠረገችለት።»

«ረስቶት ነው?» አለች ገንዳዋ።

«ረስቶት ነዋ!»

ገንዳዋ እንደገና ተናደደች። «አንተስ ብትሆን ቀድመህ አትነግረኝም ነበር?»

«አልጠየቅሽኝማ» አለ ዓሣው። «ሁላችሁም ብላ አላችሁኝ እንጂ ለምን አትበላም ያለኝ የለም።»

ገንዳዋ ያኛው እንግዳ ትዝ አላት። እሱንም አልጠየቀችውም ነበር። ፓምፑ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው «ቡልቅ» ያለው።

በማግስቱ ጋሽ አሰግድ ሬሳ ሊያወጡ ወንፊት ይዘው መጡ። የጋቢውን ጫፍ ገለጥ ሲያደርጉ ሽሪምፗ የለችም። የዓሣው ሆድ ሞላ ብሏል።

«በላህ! በላህልኝ!» ብለው ጮኹ። ከዚያስ? ኤጭ! አፍንጫቸውን መስተዋቱ ላይ ለጠፉ። «እስቲ አሁንም ብላ፣ ልይህ!»

ዓሣው ቧንቧው ውስጥ ጥልቅ አለ።

«አሁንስ በቃኝ!» አለ ጋቢው፤ ከእጃቸው ሙልጭ ብሎ ወርዶ ገንዳዋን ዳግመኛ ሸፈናት።

ጋሽ አሰግድ ጋቢውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። እጃቸው ጥለቱን ነካ። ጥለቱን ይዘው ቀሩ። የአጥሚቱ ሙቀት፣ ከላያቸው የተዘረጋው ነጭ ድንኳን፣ የእናታቸው «ማንም አያይህ፣ የኔ ልጅ» የሚል ድምፅ ሁሉም መጣባቸው። ጋቢውን አላነሱትም። በጫፉ ሥር አንዲት ሽሪምፕ ጣል አድርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ከኋላቸው ቀጨም ሲል ሰሙ። አልዞሩም።

ዓሣው ሰውን እስኪለምድ ድረስ እንዲሁ በጋቢ ሥር በላ። ጊዜው ሲደርስ ጤናው ተረጋግጦ ሳሎን ካሉት ጋር ተቀላቀለ። ገንዳዋም ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ «ብላ» ከማለቷ በፊት «ምን ሆነህ ነው?» ትላለች።

እናንተም፣ እንግዳችሁ አልበላ ሲል ወጥ ከመጨመራችሁ በፊት ዓይናችሁን ቀንሱለት።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ስጎርስ ግን ፊታችሁን አዙሩልኝ።