እሷ ብቻ የምትጽፍበት ግሩፕ

አንዲት ሴት ነበረች፤ አዳማ ውስጥ ኬክ ቤት ያላት። ስሟን ትርንጎ ብላችሁ ያዙልኝ።

ትርንጎ በየዋህነት የምትታማ ሴት አይደለችም። ባሏ ከሞተ በኋላ በአንዲት አሮጌ ምድጃ የጀመረችውን ሥራ በጉልበቷም በምላሷም አሳድጋ፣ ጾም በገባ ቁጥር ሰው በሯ ላይ የሚሰለፍላት ሆናለች። ወተት ሳይነካው፣ ቅቤ ሳይነካው፣ እንቁላል ሳይነካው፣ አፍ ላይ እንደ ፍስኩ የሚሟሟ የጾም ኬክ ትሠራለች። ጿሚው ያምናታል። "የትርንጎ ነው" ከተባለ ምን እንደገባበት የሚጠይቅ የለም፤ ይቆረሳል፣ ይበላል። ሀብቷ ምድጃው እንዳይመስላችሁ። ሀብቷ ይህ እምነት ነበር።

ዘመኑንም አልሸሸችም። ኬኮቿን ፎቶ እያነሣች ቴሌግራም ቻናሏ ላይ ትለጥፋለች። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ይመርጣል፣ በስልኩ ይከፍላል፣ ሞተረኛዋ በሩ ድረስ ያደርስለታል። ለሠራተኞቿ ደግሞ ለብቻው ግሩፕ ከፈተችላቸው። ትእዛዝ ሲመጣ እዚያ ትጽፋለች፤ ኬክ ሠሪው ያያል፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ታያለች፣ ዕቃ ክፍሉ ያያል፣ ሞተረኛው ያያል። ድሮ ከጓዳ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓዳ ስትጮህ የምትውለውን አሁን በጣቷ ትጨርሰዋለች። የእሷም ጉሮሮ ዐረፈ፣ የጎረቤትም ጆሮ ዐረፈ።

ስልኩን ልረግም የመጣሁ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ስልክ ምን አደረገ? ስልክ የሰጡትን ያደርሳል። ክፉ ከሰጡት ክፉ፣ ደግ ከሰጡት ደግ። ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ላይ በግሩፑ ሁሉም ይጽፍ ነበር። አንዱ "ስኳሩ ለነገ አይበቃም" ይላል። ሌላዋ "ይህቺ ደንበኛ ኬኩ ላይ የሚጻፈውን ስም ሦስቴ ቀየረች፤ ልጁ ራሱ ስሙን ያውቀዋል?" ትላለች። ይሣሣቃሉ፣ ይነታረካሉ፣ ሥራውም ይሄዳል። የሰው ቤት ነዋ።

አንድ ቀን ትርንጎ የባዕድ አገር ኬክ ፎቶ ከሆነ ቦታ አግኝታ፣ ፎቅ በፎቅ የሆነ፣ አበባው የሚወርድበት፣ "እኛ ጋ ይሠራል" ብላ ቻናሏ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ፀጉሯን ልትሠራ ሄዳ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀመጠች። ስልኳን ብታይ፣ ኬክ ሠሪው ጌጡ ግሩፑ ላይ ጽፏል።

"እትዬ፣ ይህን ኬክ የሠራው ሰው እኛ ቤት ከተቀጠረ ያስተዋውቁኝ። እኔ እስከ ዛሬ አላየሁትም።"

ከሥሩ የሚስቅ ፊት። ገንዘብ ተቀባይዋ ሰናይት ናት። ከሥሩ ሌላ የሚስቅ ፊት፤ ሞተረኛው። ከዚያ ዕቃ ክፍሉ። ሁሉም ሳቀ።

ትርንጎ ጆሮዋ ጋለ። የካስኩ ሙቀት አልነበረም። ጌጡ ያለው ሐሰት ነበር? አልነበረም። ያንን ኬክ የሚሠራ ሰው እሷ ቤት የለም፤ ይህን ከሱ በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ሰውን የሚያቃጥለው ደግሞ ሐሰቱ አይደለም።

"ይህ ግሩፕ የሚባል ነገር አይዘጋም?" አለቻት ፀጉር ሠሪዋን።

"ለምን ይዘጉታል እትዬ? አንዷን ነገር ማጥፋት ነው። ከዚያ እርስዎ ብቻ ይጽፋሉ፣ እነሱ ያነባሉ።"

"መልስ አይሰጡም?"

"ከፈለጉ አውራ ጣት ያደርጋሉ።"

"እሱ ይበቃቸዋል" አለች ትርንጎ።

እዚያው ካስክ ውስጥ እንደተቀመጠች ዘጋችው። ከዚያ ጻፈች፦ "ከዛሬ ጀምሮ የምጽፈው እኔ ብቻ ነኝ። ያያችሁ አውራ ጣት አድርጉ።" አውራ ጣቶቹ ተራ በተራ መጡ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጸጥ አለ። እሷ ታዛለች፣ እነሱ አውራ ጣት ያደርጋሉ። ክርክር የለም፣ ቀልድ የለም፣ ማጉረምረም የለም። ትርንጎ ለእህቷ "አሁን ገና ሠራተኛ አገኘሁ" አለቻት። ጸጥታውን ሰላም ነው ብላ ተኛችበት። እናንተስ ብትሆኑ? ዝም ያለ ቤት ሁሉ የታረቀ ቤት ነው ትላላችሁ?

ፍልሰታ ገባ። ሌላውን ጾም የማይጾም እንኳ ፍልሰታን ይጾማል፤ ሕፃናቱም እኛም ካልጾምን ብለው የሚያለቅሱበት ጾም ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ትልቅ ትእዛዝ መጣላት። የሰንበት ትምህርት ቤቱ የተመሠረተበትን ቀን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊያከብር ነውና፣ ለአዳራሽ ሙሉ ሰው የሚበቃ የጾም ኬክ ፈለገ። ያዘዘችው የወላጆች ሰብሳቢ ወይዘሮ አስካለ ናት። ቀሳውስቱ አሉ፣ ሽማግሌው አለ፣ እናቶች ከነልጆቻቸው አሉ። ትርንጎ ይህን ካሳመረች የአጥቢያው ሰው በሙሉ ደንበኛዋ ነው። ካበላሸች ደግሞ የጾም ኬክ ሻጭነቷ በዚያው ቀን ያበቃል፤ ጾም ያስገደፈችውን ሴት ማን ዳግመኛ ያምናታል?

በዚያው ሳምንት ሁለት ዓይነት ክሬም ገብቶ ነበር። አረንጓዴው ካርቶን የጾም ነው። ሰማያዊው የወተት ነው፤ ጾሙ ሲፈታ እንዲደርስ የመጣ። ቅዳሜ ጠዋት ትርንጎ ትልቅ ምድጃ አይታ ለመግዛት ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ፣ ከሚኒባሱ ውስጥ ሆና ጻፈች። መኪናው ይንገጫገጫል፣ ጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ በስልኩ ይጮሃል፣ ሐሳቧ ምድጃው ላይ ነው።

"የሰንበት ትምህርት ቤቱን ኬክ ክሬም ከሰማያዊው ካርቶን አድርጉ። ነገ በጠዋት ይድረስ።"

አረንጓዴው ልትል ነበር። ሰማያዊው አለች። ሰው ነች፤ ሰው ይሳሳታል። ስልኳን ብታይ አውራ ጣት፣ አውራ ጣት፣ አውራ ጣት። ሁሉም አይቷል። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዐረፈች።

እህቷ ዘንድ አድራ እሑድ ማለዳ ተመለሰች። ለበዓሉ ነጠላዋን ደርባ፣ እግረ መንገዴን ሱቁን ልይ ብላ በጓዳው በር ገባች። ሰው የለም፤ ኬኩም ሄዷል። ጥግ ላይ ባዶ ካርቶኖች ተከምረዋል። ሰማያዊ። ሁሉም ሰማያዊ። በያንዳንዱ ጎን ላይ ጭንቅላቷን ዘንበል ያደረገች ላም ተሥላለች።

ትርንጎ ስልኳን አውጥታ የጻፈችውን አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ባጃጅ ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሄደች።

መንገድ ላይ ምን እንዳሰበች ልንገራችሁ? ዝም ልበል ብላ አሰበች። በምላስ አይታወቅም። የትርንጎ ነው ብለው ይበላሉ፣ ይመርቃሉ፣ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። የማያውቅ ሰው ምን ኃጢአት አለበት? ባጃጁ አዳራሹ በር እስኪቆም ድረስ ይህን አሰበች። ስትወርድ ግን ይህ ሐሳብ አላስኬዳትም። የማያውቁት እነሱ ናቸው። እሷ ታውቃለች።

አዳራሹ ሞልቷል። ኬኮቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ቄሱ ሊባርኩ ተነሥተዋል። ወይዘሮ አስካለ ከሩቅ አይታት መጣች።

"ትርንጎ፣ እጅሽ ይባረክ። ልጆቹን ከጠረጴዛው ማራቅ አቅቶን ነው የዋልነው። ነይ ተቀመጪ።"

"እትዬ አስካለ፣ እንዳይቆረጥ።"

"ምነው፣ ሒሳብ ቀረብን እንዴ?"

"ወተት አለበት።"

ወይዘሮ አስካለ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። "የትኛው?"

"ሁሉም።"

"ያን ያህል ሰው አንቺ ቤት እየሠራ፣ ይህን አንድ ሰው እንኳ አልነገረሽም?"

"አንድም ሰው አልነገረኝም" አለች ትርንጎ።

ይህን ያለችው ራሷን ለማዳን ነበር። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግን በጆሮዋ ሰማችው፤ ሰምታም እዚያው እንደቆመች ቀረች።

ወይዘሮ አስካለ ለቄሱ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ቄሱ ዘወር ብለው ትርንጎን አዩና ለሕዝቡ፣ "ልጆቼ፣ ኬኩ በስሕተት የፍስክ ሆኖ ተገኝቷል። የሠራችው እኅታችን ራሷ መጥታ ነግራናለች። ዳቦና ቆሎ አለን፤ እሱን እንባርካለን" አሉ። አዳራሹ አጉረመረመ። አንዱ ሕፃን እናቱን "እኔ ጾሜን ዛሬ ላቁም" ብሎ ሲለምን ተሰማ። ኬኮቹ ሳይነኩ በመጡበት ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ሠራተኞቿን ሰበሰበች። በስልክ አይደለም፤ በአካል፣ ጓዳው ውስጥ። አንዱን ሰማያዊ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ይህ ላይ ምን አለ?"

"ላም" አለ ጌጡ።

"አይተሃታል?"

"እንዴት አላያት እትዬ? ከነጡቷ እኮ ነው የተሣለችው።"

"አንቺስ ሰናይት?"

"አይቻታለሁ። ለጌጡም 'ይህቺ ላም ጿሚ አትመስልም' ብየዋለሁ።"

"ታዲያ ያ ሁሉ አውራ ጣት ምን ነበር?"

"አይተናል ማለት ነዋ። እርስዎ ነዎት እንዲያ ያሉን" አለ ጌጡ።

"ስልክ የለህም? አትደውልም?"

"ባለፈው ምድጃው ሲያጨስ ደወልኩልዎ። 'ግሩፑ ላይ ያልኩትን አላየህም?' ብለው ዘጉብኝ። ጭሱ ግሩፑ ላይ አልነበረም እኮ እትዬ።"

ከዚያ ሰናይት፣ አንገቷን ደፍታ፣ "እውነቱን ልናገር? ደስ ብሎኝ ነበር። ትየው ብዬ ነበር" አለች።

ይህቺን ሰናይትን አላመሰግናትም። ጌጡንም አላመሰግነውም። አንዲትን ሴት ለማስተማር ብለው አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ጾሙን ሊያስገድፉ ነበር። ቂም ይዞ ዝም ማለት ትዕግሥት አይደለም፤ አትሸንግሉኝ። ነገር ግን ያንን ዝምታ ማን ዘራው? ውኃ እያጠጣ ያሳደገውስ ማን ነው?

ትርንጎ ያን ቀን ግሩፑን ከፈተችው። ማንም አልጻፈም። የተዘጋ አፍ በር በተከፈተ ጊዜ ሁሉ አይከፈትም፤ ይፈራል። ከተማውም ከሁለት ተከፈለ። ግማሹ ተሳለቀባት፣ ግማሹ "ደብቃ ልትሸጥልን ስትችል መጥታ ተናገረች" ብሎ ከበፊቱ ይልቅ አመናት። ትልቁን ምድጃ ሳትገዛው ቀረች።

ሰንበትበት ብሎ ጌጡ ጻፈ። "እትዬ፣ ዛሬ የለጠፉት ፎቶ ላይ ኬኩ ዘሟል።" የሳቀ የለም፤ ሁሉም እሷን ነበር የሚጠብቀው። ጆሮዋ እንደዚያን ቀን ጋለ። ስልኩን አስቀመጠች፣ አነሣች፣ አስቀመጠች። በመጨረሻ "እሺ፣ ከቻናሉ አነሣዋለሁ" ብላ ጻፈች። ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ የፈጀባት ጉልበት ኬክ ቤቱን ለማቆም ከፈጀባት አያንስም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ኬክ ቤት የለንም ብላችሁ ተዝናንታችሁ ነው የተቀመጣችሁት።

እናንተ አባወራዎች፣ ቤት ስትገቡ ጨዋታው ይቆማል። መከበር ይመስላችኋል? እናንተ የማኅበር ሰብሳቢዎች፣ "አስተያየት ያለው አለ?" ትላላችሁ፤ ይህን የምትሉት ግን ከወንበራችሁ እየተነሣችሁ ነው። እናንተ እናቶች ደግሞ አትሳቁ። ምራታችሁ "እሺ እማዬ" ትላለች፤ ያ እሺታ ምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ። አውራ ጣት ነው። ቤታችሁ አውራ ጣት በአውራ ጣት ሆኗል፤ ታዛዥ ቤተሰብ አለን ትላላችሁ።

የባሰም አለ። ጸሎታችሁን እዩት። ስጠኝ፣ አድርግልኝ፣ ጠብቅልኝ፣ ያችን ሴትዮ ደግሞ አንድ በልልኝ። ከዚያ አማትባችሁ ትነሣላችሁ። እግዚአብሔር መልስ ቢኖረውስ? ስትናገሩ ስትናገሩ ቆይታችሁ እሱ ሊናገር ሲል ጫማችሁን ታጠልቃላችሁ። የሰማይና የምድር ጌታን እናንተ ብቻ የምትናገሩበት ቦታ አስቀምጣችሁት፣ አውራ ጣት እንዲያደርግላችሁ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ ደግሞ "ለምን ዝም አለኝ?" ብላችሁ ታለቅሳላችሁ። እናንተ መቼ ዝም አላችሁለት?

እሱ ሊወቅሰን ሲፈልግ መልአክ አይልክም። ጌጡን ይልካል። ቀልደኛውን፣ አፈ ሹሉን፣ የማትወዱትን ሰው ይልካል፤ ደግሞም በሰው ፊት ይልከዋል። አላላኩ መጥፎ ነው ብላችሁ መልእክቱን ትመልሱታላችሁ?

እንግዲህ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉ። ከልጆቻችሁ አንዱን ጥሩና "እኔ ላይ የማትወደው ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ጠይቃችሁ አፋችሁን ያዙ። አታስረዱት፣ አትቆጡት። ከመመለሱ በፊት ትቆጡ እንደሆነ ቀና ብሎ ፊታችሁን ካየ፣ መልሱን ሰጥቷችኋል።