ፋይሎቹ የዘገዩበት ጠዋት

በወጣትነቴ፣ እንጀራ ፍለጋ በተንከራተትኩበት ዘመን፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ከአንድ ምላሰኛ ቴክኒሻን ጋር እሠራ ነበር። አንድ ጠዋት ፋይል ሁሉ ለመከፈት ይጎተት ጀመር። ሥራ አስኪያጁ መጥተው፣ «እስከ ምሳ ካልፈጠነ የስንብት ደብዳቤህን ትወስዳለህ» አሉት። ከዚያም ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡና ጣቱን ባነሳ ቁጥር «የት ደረስክ?» ይሉት ጀመር።

ረፋዱ ላይ፣ «ጌታዬ፣ ችግሩን አገኘሁት» አላቸው። «ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚያውቀው አንድ ማሽን ብቻ ነው። እርስዎ ሥራውን ለመከታተል ቢሮዎ ውስጥ ያስተከሉት ስክሪን ደግሞ የእያንዳንዱን ፋይል ሁኔታ ያለ ዕረፍት ይጠይቀዋል። ማሽኑ መልስ ሲሰጥ ይውላል እንጂ ሥራ አይሠራም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«የማሽኑን ጠያቂ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። የእኔን ጠያቂ ግን እባክዎ እርስዎ ወደ ቢሮው ይመልሱልኝ።»