ራስ የሌላት ሽመላ

ተጎታች ማለት፣ ጎማ እያለው በራሱ የማይሄድ፣ የትም ቢሄድ ግን ከፊቱ ካለው ቀጥሎ መድረሱ የማይቀር ነገር ነው። ተጎታች ቤት ደግሞ ያው ሆኖ አልጋና መስኮት የተጨመረበት ነው። ይህ ከገባችሁ ተረቱን እጀምራለሁ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

ዕቃ ሁሉ በሚናገርበት፣ ሰው ግን እንደ ዛሬው ሥራ በሚበዛበት ዘመን፣ ሞጆ ከተማ ውስጥ አንዲት አሮጌ ተጎታች ቤት ነበረች። ባለቤቷ ወይዘሮ ስንዱ ናቸው። ሟች ባለቤታቸው መንገድ ቀያሽ ስለነበሩ፣ ሁለቱ በዚች ቤት አገር ለአገር ሲዞሩ ኖረዋል። በቤቲቱ ቀኝና ግራ ጎን ላይ ከአሉሚኒየም የተሠሩ ሁለት ሽመላዎች በብሎን ታስረዋል፤ አንገታቸውን አስግገው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ሁለቱም ወደ ፊት ይበርራሉ።

ግራ ሽመላ ግን ራስ አልነበራትም። በአገራችን መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ፣ ከፊት የሚመጣ የጭነት መኪና ሁሉ ጠጠሩን የሚረጨው በግራ በኩል ነው። ጠጠሩ መጀመሪያ ምንቃሯን ወሰደ፤ ቀጥሎ ዓይኗን ወሰደ፤ በመጨረሻ አንገቷን ወሰደ። የቀራት ጅራት፣ እግርና ላባው የደበዘዘ ክንፍ ነው። ቀኝ ሽመላ ሙሉ ነበር፤ ሙሉ የሆነውም በጠባዩ ይመስለው ነበር።

ወይዘሮ ስንዱ ቅዳሜ ወደ ዝዋይ ሊወጡ ቆረጡና፣ ቤቲቱን ወደ ባሻ ጓንጉል አስጎተቱ። ባሻ አሉሚኒየም አቅልጠው ድስትና ጭልፋ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ሁለቱን ሽመላዎች ነቅለው ጠረጴዛ ላይ አጋደሟቸው።

«እትዬ ስንዱ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አሉ። «ሙሉውን እርጥብ አሸዋ ላይ ተጭኜ ቅርጹን እወስዳለሁ፤ በቅርጹ አምሳያውን አፈስሳለሁ። አዲሷ ስትገጥም ይቺ አሮጌ ወደ ማቅለጫ ትገባለች። አንድ ጭልፋ ይወጣታል።»

«ጭልፋስ ሞልቶኛል» አሉ ወይዘሮ ስንዱ።

ግራ ሽመላ ደነገጠች። መንገድ የለመደ ሰውነት ቀሪ ዘመኑን ሽሮ ሲያማስል ሊኖር ነው።

«ባሻ፣ እኔ የእሱ አምሳያ አይደለሁም!» አለች።

«ማን ነው የተናገረው?» አሉ ባሻ።

«እሷ ናት» አለ ከጠረጴዛው ጫፍ የባሻ ሞረድ። «ግን ምንቃር የላትም።»

«ምንቃር የሌላት ወፍ ምን ቁም ነገር ትናገራለች?» አሉና አሸዋቸውን ማራስ ጀመሩ።

ማቅለጫው ከእሳቱ ላይ ሆኖ አፉን ከፈተ። «ነይ እንግዲህ፤ እጠብቃለሁ» አላት።

ረቡዕ ዕለት አዲሷ ሽመላ ተፈስሳ ወጣች። ዓይኗ ዓይን፣ ላባዋ ላባ ነው። ባሻ በግራው ጎን አስጠግተው ያዟት። ራሷ ወደ ቤቲቱ ኋላ ሆነ፣ ጅራቷ ወደ ፊት።

ወይዘሮ ስንዱ አዩና፣ «ባሻ፣ ይቺ እኮ እየተመለሰች ነው። እኔ ገና አልወጣሁም!» አሉ።

«እኔ የእሱ አምሳያ አይደለሁም» አለች ግራ ሽመላ።

«ጥፋቱ የእኔ አይደለም» አለ ቀኝ ሽመላ። «እኔ ሁልጊዜ ወደ ፊት ነው የማየው።»

ባሻ እስከ ሐሙስ አሰቡ። ሐሙስ ዕለት አዲሷን አዙረው ያዟት። ራሷ ወደ ፊት ሆነ፤ እግሯ ግን ወደ ሰማይ።

«አሁን ደግሞ ምን ነካት?» አሉ ወይዘሮ ስንዱ። «ልትገነጠል የተያዘች ዶሮ አስመሰሏት እኮ!»

«ከሩቅ ሲያዩት ብዙ አያስታውቅም» አሉ ባሻ።

«ምን ያህል ሩቅ? ናዝሬት?»

«እኔ የእሱ አምሳያ አይደለሁም» አለች ግራ ሽመላ።

«እጠብቃለሁ» አለ ማቅለጫው።

ዓርብ ጠዋት ባሻ ደስ ብሏቸው መጡ። አዲሷን ገለበጧት፤ የተቀረጸ ገጿን ወደ ቤቲቱ፣ ጀርባዋን ወደ ውጭ። ራሷ ወደ ፊት፣ እግሯ ወደ ታች፣ ሁሉም በየቦታው ሆነ። ጀርባዋ ግን ልሙጥ ነው፤ ላባ የለው፣ ዓይን የለው።

ወይዘሮ ስንዱ ጠጋ ብለው አዩ። ከዚያ፣ «ባሻ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይሄ ሽመላ ነው ወይስ መጥበሻ?»

ባሻ ጓንጉል በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ወደ ኋላ ሞከሩ፣ ወደ ላይ ሞከሩ፣ ወደ ውስጥ ሞከሩ፤ ሌላ የሚያዞሩበት ወገን አልቀረም። አሮጌዋን ከጠረጴዛው አነሷት። ግራ ሽመላ ወደ ማቅለጫው የሚወስዷት መሰላት።

«እሺ» አሉ ባሻ። «ምንቃር የለሽም። ቢሆንም ተናገሪ። ራስሽ ወዴት ነበር?»

«እሱን አላስታውስም» አለች። «ትውስታዬ እዚያው ራሴ ውስጥ ነበር። ጅራቴ ግን ይኸውና። የብሎን ቀዳዳዎቼም አሉ። እነሱ ከቤቲቱ ቀዳዳ ጋር የሚገጥሙት ባንድ መንገድ ብቻ ነው።»

ባሻ ወደ ግራው ጎን ወስደው ቀዳዳን በቀዳዳ ላይ አዋሉ። ገጠመ። ጅራቷ ወደ ኋላ ሆነ፤ ትከሻዋ ላይ ከአንገቷ የተረፈችው እጥፋት ወደ ፊት ሽቅብ ታመለክታለች።

«አንገቷ በዚህ በኩል ነበር» አለ ሞረድ፣ ቀድሞ የሚያውቅ መስሎ።

«ሦስት ቀን ሙሉ አጠገብዎ ነበረች እኮ፣ ባሻ! ምነው ሳይጠይቋት?» አሉ ወይዘሮ ስንዱ።

«ሙሉው እያለ ጎዶሎውን ማን ይጠይቃል፣ እትዬ?»

ባሻ አንገትና ምንቃር ከጭቃ ሠርተው፣ ከትከሻዋ እጥፋት ጋር እያስተያዩ አስተካከሉ፤ በእሱም የአሸዋውን ቅርጽ አወጡ። ማቅለጫው ሲጠብቅ የሰነበተውን ጉርሻ አገኘ፤ የገባችለት ግን አዲሷ ናት። ከእሷ አንገት ተፈሰሰ፣ በብሎን ተያዘ፣ በሞረድ ተስተካከለ። ክንፏ ላይ የደበዘዘውን ላባ ባሻ በቀጭን መሮ አንድ በአንድ ቀሰቀሱት። የጠጠሩን ጠባሳ ሊፍቁ ሲሉ ወይዘሮ ስንዱ፣ «እሱን ይተዉት፤ እኔም በዚያው መንገድ ነው ያረጀሁት» አሉ።

ግራ ሽመላ ምንቃሯን እንዳገኘች የመጀመሪያ ቃሏን ሁሉም ጠበቀ። «ምንቃሩ ጠበበኝ» አለች።

ሙሉን የቀዳ ያንኑ ሁለት አድርጎ ያገኛል፤ ጎዶሎን የጠየቀ ጎዶሎውን ይሞላል።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቲቱ ወደ ዝዋይ ተጎተተች። የግራ ሽመላ አንገት ከቀኙ በሁለት ጣት ይረዝማል፤ ሁለቱን ጎን ባንድ ጊዜ ማየት የሚችል ሰው ስለሌለ፣ እስካሁን ማንም አልተናገረም።