ከኋላ የበለጠው ስድስት ኩንታል

በአንድ ወቅት አቶ ወልደሰንበት የሚባሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ መሪ ሊለቁ ነው። የመጨረሻ ጉዟቸው ወደ ገዛ ልጃቸው ሠርግ ሆነ፤ ጤፍና ሁለት ሰንጋ ጫኑ። ሦስቱን ወንዶች ልጆቻቸውን አጥናፉን፣ ምትኩንና ልሣኑን አሳፍረው፣ «ይህ ጭነት ሳይጎድል እንዲደርስ ላደረገ የመኪናዬን ቁልፍ አስረክባለሁ» አሉ። ጋቢና ውስጥ አጠገባቸው የልጆቹ አክስት እትዬ የሻሽወርቅ ተቀምጠዋል።

የዘመድ ነገር መቼም ታውቃላችሁ። በየመንደሩ «እግረ መንገዳችሁን ይቺን!» እያለ ማገዶውን፣ ገብሱን፣ የማር እንስራውን ከኋላ ጫነባቸው። በሠርግ ሰሞን እምቢ ማለት ነውር ነው። የጭነት ሚዛን ጣቢያ ሲደርሱ ጉዱ ወጣ።

«ጠቅላላው ደህና ነው» አለ መዛኙ። «የኋላ ጎማዎቹ ዘንግ፣ የኋላው አክስል ላይ ግን ስድስት ኩንታል በልጧል። ወይ አስተካክሉ ወይ ሰንጋዎቹን አውርዱ።»

ሠርግ ያለ ሰንጋ! የዘመድ አደራም መንገድ ላይ አይጣል! አቶ ወልደሰንበት ራሳቸውን ያዙ። «ልጄን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

አጥናፉ ሒሳብ ይወዳል። መኪናውን በእርምጃ ለካ። «ከፊተኛው አክስል እስከ ኋላው ስምንት እርምጃ ነው። ሰንጋዎቹ ስምንት ኩንታል ናቸው፤ የቆሙት ልክ ከኋላው አክስል በላይ ነው። በአንድ እርምጃ አንድ ኩንታል፣ ስድስት እርምጃ ወደፊት ቢሄዱ ስድስቱ ኩንታል ወደ ፊተኛው ይሻገራል። ፊተኛው ይችለዋል።»

በየት በኩል ይሂዱ? መሀሉ ጤፍ በጤፍ ነው። ምትኩ ሸሚዙን አወለቀና ጆንያውን እያነሳ ግራና ቀኝ ብቻ ቆለለው፤ ሒሳቡ እንዳይዛባ ወደፊትም ወደኋላም ክንድ አላዛነፈ። ወገቡ ሊቆረጥ ደረሰ፤ መንገዱ ግን ተከፈተ።

ሰንጋዎቹ ግን ወይ ፍንክች! ቢገፏቸው፣ ቢለምኗቸው አልሰሙም። ያሳደጋቸው ልሣኑ ከኪሱ አሞሌ አወጣና፣ «ና ቡሬ፣ ና ዳልቻ» አለ። ተከተሉት፤ ስድስተኛው እርምጃ ላይ ጨውን አስልሶ አቆማቸው።

እንደገና ተመዘነ። አሁንም የኋላው ሰማንያ ኪሎ በልጧል!

አጥናፉ ሒሳቡን ሦስቴ ደገመ። ቀና ሲል እትዬ የሻሽወርቅ፣ የማር እንስራው ይሰበራል ብለው ፈርተው ከጋቢና ወጥተው፣ ሰንጋዎቹ በለቀቁት ቦታ ተደላድለዋል። እንግዲህ ማን ይናገር? አክስት ከብደዋል ይባላል? ሦስቱም ወንድማማቾች ደመና መቁጠር ጀመሩ። መዛኙ ራሱ የጫማውን ክር ፈትቶ አሰረ።

«ምን ሆናችኋል?» አሉ እትዬ። ዓይናቸውን ወደ ሚዛኑ ጣሉ። «ኧረ ገባኝ! እኔ ነኛ!» ከኋላ የተሰለፈው ሾፌር ሁሉ እያየ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወረዱ። ሚዛኑም ልክ ሆነ።

«እኔ ባላሰላ የት እንደሚቆሙ ማን ያውቅ ነበር?» አለ አጥናፉ።

«ሒሳብህ ጆንያ አያነሳም» አለ ምትኩ።

«የከፈትከው መንገድስ ሰንጋ ይጎትታል?» አለ ልሣኑ።

«ዝም በሉ!» አሉ እትዬ። «እናንተ ያወጣችሁት ላብ ነው፤ እኔ ግን በሰው ፊት ተዋርጃለሁ። መንዳት ባልችልም ቁልፉን አምጡና ሾፌሬን እኔው ልምረጥ።»

አቶ ወልደሰንበት ቁልፉን ጨብጠው ከአንዱ ወደ አንዱ ያያሉ። ከኋላቸው የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጥሩንባውን ይነፋል። እናንተ ብትሆኑ ቁልፉን ለማን ትሰጡ ነበር? ፈጠን በሉ እንጂ፣ ሙሽራዋ እየጠበቀች ነው!