በበዓል ቀን የቆመው ወንዝ

በአንድ ወቅት፣ ከሐይቁ በላይ በተዘረጋው ሜዳ፣ ፈንቴ የሚባል ገበሬ ነበር። ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ከበሬዎቹ ጋር የሚያወራው ከሚስቱ ጋር ከሚያወራው ይበዛል እያሉ ያሙት ነበር። ሚስቱ ወይዘሮ እንጉዳይ ሐሜቱ ሲደርሳት፣ «በሬዎቹም ቢሆኑ ብዙ አልሰሙም» ትላለች።

በቤቱ ሁለት ሕግ ነበረ። በበዓል ቀን እጅ ሥራ አይነካም፤ የቤት ገመና ደጅ አይወጣም። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ፈንቴ። ሦስት ልጆቹን ሲያሳድግ ከዚህ የረዘመ ምክር አልሰጣቸውም።

ሜዳው ለም ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ግን ወንዙ የደጋውን ዝናብ ይዞ ይወርዳል። ባንዱ ዓመት ማሳ ይበላል፤ በሌላው ዓመት ከብት፤ በክፉው ዓመት ሰው።

የበኩር ልጁ ዋለልኝ የወንዙ ለኪ ሆነ። የውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ብረት ከድልድዩ ሥር ተከሉና፣ ጧትና ማታ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር በደብተር እንዲያሰፍር አደራ ሰጡት። ዘጠኝ ዓመት ጻፈ። ዝናብ እየደበደበው ጻፈ፤ ወባ እያንቀጠቀጠው ጻፈ። በመጀመሪያው ክረምት ግን፣ በሚካኤል ዕለት ደብተሩን ይዞ ሲወጣ አባቱ አየውና፣ «ዛሬ ወንዙም ይረፍ» አለው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ባዶ መስመር እንዳትተው ብሎታል። ዋለልኝ አባቱንም አለቆቹንም የሚፈራ ልጅ ነበር። ስለዚህ በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ በአሥራ ስድስት፣ በሃያ አንድ፣ በሃያ ሰባትና በሃያ ዘጠኝ ወደ ወንዙ ሳይወርድ የዋዜማውን ቁጥር ይደግም ጀመር። ወንዝ በአንድ ቀን የት ይደርሳል ብሎ ነው።

ሁለተኛዋ የዝና ናት። ትምህርት ወደ ከተማ ወሰዳት። እዚያ ከብዙ ምሳሌ ራሱን የሚያስተምር መሣሪያ መሥራት ተማረች፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል። ቀድሞ የወንዝ ሙላት ለመተንበይ የተራራውን ቁልቁለት፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የወንዙን ስፋት ሁሉ አንድ በአንድ ለክቶ በቀመር ማስላት ያስፈልግ ነበር። አዲሱ ዘዴ ግን ስሌትን በስሌት ላይ ደራርቦ፣ ሳተላይት ያየውን ዝናብና ሰው የጻፈውን የውሃ ቁጥር ከነቀኑ እያስተያየ፣ ነገ ውሃው የት እንደሚደርስ ራሱ ይደርስበታል። ሕግ የሚነግረው የለም፤ የሆነውን ብቻ ያሳዩታል። ይህን ሁሉ ለአባቷ ስታስረዳ ፈንቴ እስከ መጨረሻው ሰማትና፣ «በሬ ማለትሽ ነው። የለመደውን ትልም ይከተላል» አላት። የዝና ሳቀች። መምህሮቿም ከዚህ አሳጥረው አልነገሯትም ነበር።

መሣሪያውን ያስተማረችው በወንድሟ ደብተር ነው። ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ክረምት ሙላት መምጣቱን ከአንድ ቀን በፊት ተናገረ፤ እንደተናገረውም መጣ፤ አንድም ሰው አልሞተም። በሁለተኛው ክረምትም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም። የሰባት ቀበሌ ሕዝብ የፈንቴን ልጆች መረቀ። ሦስቱም ሙላት የደረሰው በሥራ ቀን ስለነበረ፣ በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ዕውር ቦታ ማንም አልነካውም።

የመጨረሻው ልጅ ሽባባው ስልኩንና ጥሩምባውን የሚይዝ ነበር። የመሣሪያው መልእክት በስልኩ ሲመጣ ኩይሳ ላይ ወጥቶ ይነፋል፤ ሰዉ ከብቱን ነድቶ ቤተ ክርስቲያኑ ወዳለበት ኮረብታ ይወጣል። እናቱ ጉልበቷ ስለደከመ እሷን አዝሎ የሚወጣው እሱ ነው። ስትታዘል ጉልበቷን ያማታል፤ እንዳትጮህ የነጠላዋን ጫፍ ትነክሳለች። አንድ ክረምት መሣሪያው ምንም ሳይል፣ ሽባባው የደጋውን ሰማይ አይቶ በራሱ ነፋ። ሕዝቡ በዝናብ ኮረብታው ላይ ሲንዘፈዘፍ ዋለ፤ ውሃው አልመጣም። ከዚያ በኋላ በገበያው መንገድ ሲያልፍ፣ «ሽባባው፣ ዛሬስ ሰማዩ ምን አለህ?» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ፈንቴም ሐፍረቱ ከበደውና፣ መሣሪያው ሳይናገር ጥሩምባውን እንዳይነካ አዘዘው።

በአራተኛው ክረምት፣ ነሐሴ አሥራ አምስት፣ ደጋው ቀኑን ሙሉ ጠቁሮ ዋለ። መሣሪያው ዝናቡን አይቶታል። ነገር ግን የዘጠኝ ዓመት ደብተር ያስተማረው ሌላ ነገርም ነበረ፤ ቀኑ አሥራ ስድስት ሲሆን ይህ ወንዝ ከትናንቱ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ወንዙ ነገ ባለበት ይቆማል ሲል ጻፈ።

በማግስቱ የፍልሰታ ጾም የሚፈታበት ኪዳነ ምሕረት ነበረች። የአገሩ ሰው በሙሉ ነጭ ለብሶ ወደ ኮረብታው ወጣ። ሽባባው እንደ ልማዱ እናቱ ፊት በርከክ ብሎ ጀርባውን ሰጣት። እንጉዳይ መሣሪያው ምን እንዳለ ጠየቀችው። ወንዙ አይነሣም ይላል አላት።

«እንግዲያ ይህን ጉልበቴን አታሠቃይብኝ» አለች። «ለጾም መፍቻ ያልነውን ዶሮ እየጠበቅሁ እቆያለሁ። ማርያምን ሳምልኝ።»

ሽባባው ሰማዩን አየ። ስልኩን አየ። ከዚያ ትከሻዋ ላይ ነጠላዋን አስተካክሎላት ሄደ። ፈንቴ ፊት ፊት እየሄደ ነበር፤ ዞር አላለም።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሰዉ ከደጀ ሰላሙ ወጥቶ ወደ ታች አየ። ሜዳው እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ፈንቴ ጫማውን ጥሎ ሮጠ። ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ አራት ጎረምሶች ይዘው አወጡት። እንጉዳይን በሦስተኛው ቀን ከሩዝ ማሳው ድንበር ላይ፣ ግራር ሥር አገኟት።

ከእሷ በቀር የሞተ የለም። በዓሉ ባይሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው በየማሳው ነበር። ኪዳነ ምሕረት አውጥታናለች እያሉ ለቅሶ ቤቱ ድረስ እየመጡ ተናገሩ። 

ከቀብሩ በኋላ የዝና ደብተሮቹን ዘርግታ ተቀመጠች፤ ከዚያም መሣሪያው ለምን እንደሳተ ለአባቷና ለወንድሞቿ ነገረቻቸው። ዋለልኝ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። አርባዋ ሲቃረብ ተነሥቶ፣ በሐይቁ ደሴት መነኮሳትም መነኮሳይያትም ያሉበት ገዳም ገብቶ፣ ውሃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ፣ ለእናቱ ነፍስ አንድ ዓመት ንስሐ እንደሚገባ ተናገረ።

«ሐሰት የጻፈው የእኔ እጅ ነው» አለ። «መሣሪያው ያየው እኔ ያሳየሁትን ነው።»

የዝና ከፊቱ ቆመች። «አያ፣ አንተ ምን እንደሚያመጣ አላወቅህም። እኔ ግን አውቄ ነበር» አለችው።

ከሁለት ዓመት በፊት ቁጥሮቹን ስትመረምር፣ ወንዙ በበዓል ቀን ሁሉ እንደሚቆም አይታ ነበር። ወንድሟን ስትጠይቀው ዓይኑን ሰበረ፤ ገባት። ለመሥሪያ ቤቱ ብትናገር ደብተሩን ይቀሙታል፤ በሰባት ቀበሌ ፊትም ስሙ ሐሰተኛ ይባላል። የቤት ገመና ነውና ዝም አለች። በበጋ በቀስታ አስተካክለዋለሁ ብላ ነበር። በጋው መጣ፤ ሌላ ሥራ መጣ፤ በጋው ሄደ። ገዳም የምገባ እኔ ነኝ አለች።

ሽባባው ጥግ ተቀምጦ ሁለቱንም ሰማ። ዋለልኝ አይቶት፣ አንተስ የታዘዝኸውን ነው ያደረግኸው፣ አታልቅስ አለው።

«እናንተ ሩቅ ነበራችሁ» አለ ሽባባው። «አጠገቧ የነበርሁ እኔ ነኝ። ሰማዩንም አይቼዋለሁ። ጀርባዬ ዳገቱን ባዶውን ወጣ።»

እንዲህ ሲከራከሩ ሰነበቱ። ሌላው ሰው ጥፋትን ከራሱ ላይ ለማራገፍ ይካሰሳል፤ እነዚህ አንዱ ከሌላው ትከሻ ላይ ለመንጠቅ ተጣሉ። በመጨረሻ ነገሩን ለንስሐ አባታቸው ለቄስ አላምረው አቀረቡ። ቄሱ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ ሦስታችሁም ከሄዳችሁ ይህን ሽማግሌ ማን ይጦረዋል አሉ። አንድ ይሂድ። የሄደው ጥፋቱን ሁሉ ይዞ ይሄዳል፤ የቀሩት ሁለቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ጥፋቱ የእኔ ነበር ብለው እንዳያነሡት። የሚሄደውን የቤቱ አባት ይምረጥ።

ፈንቴ ያን ሳምንት እርሻው ውስጥ ብቻውን ዋለ። ዋለልኝን ቢልክ፣ የበኩር ልጁን በአገር ፊት እናትህን ገደልህ ማለቱ ነው፤ ማረሻውም ይቆማል። የዝናን ቢልክ፣ መሣሪያውን የምታቀናው እሷ ብቻ ናት፤ የሚመጣውን ክረምት ሰባት ቀበሌ ዕውር ሆኖ ይጠብቃል። ሽባባውን ቢልክ፣ ከሦስቱ ያነሰውን ጥፋት ያጠፋ በሚመስለው ላይ ትልቁን ሸክም መጫን ነው። ባይልከው ደግሞ፣ ያ ልጅ ያችን ጠዋት ለማንም ሳይናገር ዕድሜ ልኩን ሊያዝላት ነው።

ቅዳሜ ጧት ብቻውን ወደ ቄሱ ሄደ። ደጃፋቸው ላይ ቆሞ፣ «የቤቱ ሕግ የእኔ ነበር» አለ።

ቄስ አላምረው ወደ ውስጥ አስገቡት። አንተ ከሄድህ ልጆችህ ሳይፈረድላቸውም ሳይፈረድባቸውም ይቀራሉ፤ እስኪያረጁ ሲካሰሱ ይኖራሉ አሉት። ቢሆንም አልከለክልህም አሉት። በዓል ማክበር ግን ኃጢአት ሆኖ አያውቅም፣ ያን ቀን ያን ሁሉ ሰው ያዳነውም እሱ ነው አሉት። ፈንቴ እጃቸውን ስሞ ተመለሰ።

አርባዋ በወጣ በማግስቱ አራቱም ወደ ሐይቁ ወረዱ። ሦስቱ ልጆች እያንዳንዳቸው ስንቅ ቋጥረዋል። ፈንቴ ምንም አልያዘም፤ ለመንገድ የሚለብሰውን ጋቢ ግን ለብሷል። ታንኳዋ ከቀዛፊው ሌላ የምትችለው አንድ ሰው ነው። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ጭቃው ውስጥ ተክሎ፣ ነፋስ ሳይነሣ እንሂድ፣ የቱ ነው የሚሳፈረው አለ።

ዋለልኝ አንድ እርምጃ ወደ ፊት አለ። የዝና ክንዱን ይዛ መለሰችው። ሽባባው ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆሟል። ፈንቴ ሦስቱንም አየ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው ቃል በዝቶበት አፉን ከፈተ።

ያን ቀን ያለውን የሚያወሩ አሉ፤ ግን ሁሉም የሚያወሩት እንደየልባቸው ነውና እዚህ ላይ አልጨምርበትም። ፍርዱ የእናንተ ነው። አንደኛው ያልሆነውን ጻፈ፤ ሁለተኛዋ ያየችውን ዋጠች፤ ሦስተኛው ዓይኑን ትቶ መሣሪያውን አመነ፤ አባትየው ደግሞ ለሁሉም ሕግ ሰጠ። እናንተ በፈንቴ ቦታ ብትቆሙ፣ በዚያች ታንኳ ማንን ታሳፍሩ ነበር?