በጎዳዋ ልክ የተበየደው በረት

በቆቦ ቆላ ሰው ሠርግ ደግሶ ዳሱ ለእንግዳው ቢጠበው፣ ወይ ቤት ጀምሮ ክዳኑ ላይ ሲደርስ እጅ ቢያጥረው፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ይወጣለታል። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ፈገግ ብለው አንዲት ነገር ጣል ያደርጋሉ። እንግዳ ሰው ሲሰማት ከመጽሐፍ የተቀዳች ይመስለዋል። የምን መጽሐፍ! ከኮርማ ቀንድ ሥር ነው የወጣችው። እኔማ ነገሯን ሳያውቁ በየድግሱ ሲወረውሯት ስሰማ ያናድደኛል። ተረትም እኮ እናትና አባት አለው። የዚህችን አባት ልንገራችሁ፤ ስሙ ይመር ሙሔ ይባላል።

ይመር ከብት አርቢ ነበር። ከብቶቹ አንድ ቦታ አይከርሙም፤ ዝናብ ሲጥል ሜዳው ላይ ይውላሉ፣ ማሽላ ሲታጨድ አገዳው ላይ ይሰማራሉ፣ በጋው ሲጠና ደግሞ ወንዙ ዳር ይወርዳሉ። የራያ ከብት ቀንድ ትልቅነት መቼም የታወቀ ነው። የይመር ኮርማ የዳለቻ ቀንድ ግን ለብቻው ነበር፤ ወዲያና ወዲህ ተከፍቶ፣ በር ሲያይ ራሱን ዘወር ሳያደርግ አይገባም። ይመር ከገበያ ሲመለስ "ምን ገዛህ?" ያሉት እንደሆነ፣ "የዳለቻዬን የሚያህል ቀንድ ፈልጌ አጣሁ" ነበር መልሱ።

እንዲህ ያለውን ከብት ማስከተብ የዋዛ አይደለም። ሐኪም በመጣ ቁጥር ጎረቤት ሁሉ መጫኛውን ይዞ ይወጣል፤ አንዱ ቀንድ ይይዛል፣ አንዱ እግር ይጠልፋል፣ አንዱ ጅራት ይጠመዝዛል። አንድ ዓመት ዳለቻ አንገቱን አንዴ ወዝወዝ ቢያደርግ የደባሱ ጎን ተሰበረ። ደባሱ ከይመር ጋር በአጥር የሚዋሰን ጎረቤቱ ነው፤ ልጅነታቸውን አብረው ነው የጨረሱት። ያን የአጨዳ ወራት በሙሉ ተኝቶ ከረመ። ይመር ማሽላውን አጨደለት፣ ወቃለት፣ ጎተራ አስገባለት። ደባሱ ግን አንድም ቀን "ያንተ ኮርማ" ብሎ አልወቀሰውም። "አቦ ተወው፣ የከብት ነገር ነው" ይላል፣ በቃ። ይመርን ውስጥ ውስጡን የበላው ይኸው ነው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

"ከእንግዲህ በኔ ከብት የሰው ጎን ከሚሰበር፣ ከብት ማርባቴ ይቅር!" ብሎ ማለ።

ዓመቱ ዞሮ ሲመጣ ከወንዝ ማዶ አባ ሰንጋ የሚሉት የከብት በሽታ ገባ ተባለ። አባ ሰንጋ ቀልድ አያውቅም። ማታ በደኅና ያደረች ላም ጠዋት ተነፍታ ትገኛለች፤ ሥጋዋን የነካ ሰውም ቢሆን አይተርፍም። የወረዳዋ የእንስሳት ሐኪም በወሩ ማብቂያ ማክሰኞ እንደምትመጣ፣ በማግስቱም ወደ ሌላ ቀበሌ እንደምታልፍ ተነገረ። ይመር እንቅልፍ አጣ። ከብቱ ካልተከተበ ያልቃል፤ ጎረቤቶቹ ይዘው ካስከተቡለት ደግሞ ያው የዳለቻ ቀንድ አለ። በዚህ መካከል ወልድያ ያሉ በያጆች ከብት መያዣ ብረት እንደሚሠሩ ሰማና ሊሄድ ተነሣ።

ከመሄዱ በፊት ሲባጎ ይዞ በረት ገባ። ቀንድ የሌላት አንዲት ላም ነበረችው፤ እንዲህ ያለችዋን ጎዳ እንላታለን። ገር ናት፣ ሕፃን ቢጋልባት ግድ የላትም። የእሷን ቁመት ለካ፣ ወርዷን ለካ፣ ሲባጎውን ቋጠረ። ሚስቱ ሰዒዳ ወተት አልባ ስትወጣ አየችውና ቆመች።

"አንተ ሰውዬ፣ ምነው ጎዳዋን ትለካለህ?"

"እሷ ናታ የምትቆምልኝ።"

"ዳለቻስ?"

"ዳለቻማ ለሲባጎ የሚቆምልኝ ቢሆን ብረቱን ምን ልሠራበት!"

ሰዒዳ ሳቀች። እኔም ብሆን እስቅ ነበር። እውነቱን ነው ብላ ወተቷን ይዛ ወደ ቤት ገባች።

ወልድያ ላይ ምትኩ የሚባል በያጅ ሁለት ዓይነት አሳየው። አንደኛው ባለጎማ ነው፤ ወለሉ ላሜራ፣ አንድ ወጥ ሆኖ የተበየደ፣ በትራክተር የሚጎተት። ሁለተኛው ቱቦላሬ ከሚሉት ቀጭን የብረት ቱቦ የተሠራ ነው፤ እንደ አጥር ክፍል ክፍል ሆኖ፣ ጫፍና ጫፉ በወፍራም ችንካር እየተያያዘ ይቆማል፣ ሲፈልጉ ተፈታትቶ ይጫናል።

"ባለጎማውን ውሰድ" አለው ምትኩ። "ዝሆን ቢገባበት አይነቃነቅም።"

"ወንዙ ዳር ማን ይጎትትልኛል? አሸዋው ትራክተሩንም ይውጠዋል። ይሄኛውን ግን ግመሌ ላይ እጭነዋለሁ፤ ዛሬ ሜዳ፣ ነገ አገዳ።"

"ዐዋቂ ነህ! በል ልኩን ስጠኝ።"

ይመር ሲባጎውን ሰጠው። ምትኩ ብረቱን ሲቆርጥ እሱ ሻይ አዞ ቁጭ አለና፣ ወሬ ሲያልቅበት የዳለቻን ቀንድ ያወራለት ጀመር። ተነሥቶ እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ "ከዚህ እስከዚህ! ወላሂ አልዋሸሁህም!" አለው። "ወይ ጉድ!" አለ ምትኩ። ወይ ጉድ አለና በሲባጎው ልክ በየደው። ያ ሁሉ ቀንድ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሁለቱም አላሰቡትም። እኔ ይህን ሳወራ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ግንባሬን እመታለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ብረቱ ሜዳው ላይ ተገጠመ። ሁለት ረድፍ ሆኖ፣ መሐሉ ጠባብ መተላለፊያ፣ አዲስ ቀለሙ እያበራ። ጎረቤቶቹ እንደ ልማዳቸው መጫኛቸውን በትከሻቸው ጥለው ሲመጡ ይመር እየሮጠ ተቀበላቸው።

"መጫኛችሁን አስቀምጡ! ዛሬ እንግዶቼ ናችሁ። ሰዒዳ ቂጣና እርጎ አሰናድታለች። ቁርቁራው ዛፍ ሥር ቁጭ በሉና እያያችሁ ብሉ።"

"ምነው ይመር፣ ምን አጠፋን?" አለ ደባሱ።

"አጥፊውስ እኔ ነኝ፤ አንተ ምን አጠፋህ! ብቻ ዛሬ ማንም ከብት አጠገብ አይደርስም። ምያለሁ።"

የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ኑርዬ ምርኩዛቸውን ዛፉ ላይ አስደግፈው ቀድመው ተቀመጡ። "እንግዳ ካለን እንግዳ ነን። እርጎውን ወዲህ በሉት" አሉ። ሌላውም ተቀመጠ።

ሐኪሟ ዶክተር ትጓደድ ከበረዶ ሣጥኗ ክትባቱን አወጣች። "መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም፤ በረዶው ሳይቀልጥ እንጨርስ" አለች። መጀመሪያ ጎዳዋ ገባች። እንዴት ያለ አገባብ! ብረቱ እንደ ቀሚስ ልክክ አለላት። ተወጋች፣ ወጣች። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ይመርም በደስታ ፊቱ በራ።

ቀጥሎ ዳለቻ የጎዳዋን ኋላ ተከትሎ መጣ። መግቢያው ላይ ሲደርስ እንደ አመሉ ራሱን ዘወር አድርጎ ሹልክ አለ። መሐል ሲደርስ ግን አንገቱን ቀና ቢያደርግ ሁለቱ ቀንዶቹ ግራና ቀኝ ብረቱ ውስጥ ተሰኩ። ወደፊት ቢል የለም፣ ወደኋላ ቢል የለም። ከኋላው አንዲት እርጉዝ ላም ተከትላው ገብታ ነበር፤ ሲያፈገፍግ በዳሌው ብረቱ ላይ አጣበቃት። እሱ ያገሣል፣ እሷ ታቃስታለች፣ ብረቱ ይንኳኳል።

"ቀንዱ! ቀንዱን ረሳሁት!" አለ ይመር፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ። ወዲያው መጫኛ አንሥቶ ወደ ውስጥ ሊዘል ሲል ሰዒዳ "ኧረ ያዙት! ይገድለዋል!" ብላ ጮኸች። ደባሱ እርጎውን ጥሎ ተነሣ።

"ደባሱ አትጠጋ! በምትወዳት በማርያም ይዤሃለሁ!" አለ ይመር።

"እኔ ከውጭ ነኝ፤ ልትገባ የቃጣህ አንተ ነህ!" አለና በልብሱ ይዞ መለሰው።

በዚህ ጊዜ ዳለቻ ራሱን ሽቅብ ቢያነሣ የግራው ብረት ከላይ ወደ ውጭ ዘመም አለ። ቀንዱ ተለቀቀ፤ አንድ እርምጃም ተራመደ። ሁሉም ሰው አይቶታል፤ ቀድሞ የተናገረው ደባሱ ነው።

"ችንካሩን አላሉት! ብረቱን ወደ ውጭ አጋድሙት! ከታች እንደጠበበ ይሁን፣ ከላይ ይስፋ!"

"እውነቱን ነው!" አለች ሐኪሟ። "እንደዚያ ከሆነ ዞሮ አይራገጥም፣ ቀንዱም አይያዝም። ግን በምን ይደገፋል?"

ድጋፍ የሚሆን ነገር አልነበረም። ጉድጓድ ተቆፍሮ ግንድ እስኪተከል ላሟ ታልቃለች። ደባሱ ደኅነኛ ጎኑን አዙሮ ከውጭ በኩል ትከሻውን ለብረቱ ሰጠ። ሌላው ተከተለው። ቁርቁራው ሥር አንድ ሰው አልቀረም። የብረቱን እግር በድንጋይ አስያዙ፣ ወንዶቹ በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ ተደርድረው በትከሻቸው ደገፉት። ሼህ ኑርዬም ምርኩዛቸውን ከአንዱ ቱቦላሬ ሥር ወተፉና "ይህንንም ቁጠሩት" አሉ። ይመር ከማዶ ለማዶ ሮጦ ባዶ ቦታ ፈለገ፤ ከሰዒዳ አጠገብ አገኘና ገባ።

ዳለቻ ቀንዱን ሰማይ ላይ አንሰራፍቶ እንደ ሙሽራ እየተንጎራደደ ወደ ፊት ሄደ። በፊቱ አግዳሚ ጣሉበት፣ ሐኪሟ ወጋችው፣ አግዳሚው ተነሣለት፣ ወጣ። እርጉዟ ላምም ተነፈሰች። ሐኪሟ ሆዷን ዳሰሰችና "ደኅና ነው፣ ጥጃው ይንቀሳቀሳል" ስትል ይመር ጮክ ብሎ "አልሐምዱሊላህ!" አለ፤ ከብረቱ ማዶ እነ ደባሱም "ተመስገን!" አሉ። ከዚያ በኋላ ከብቱ ሁሉ ተራ በተራ አለፈ። ትከሻው የዛለ ይለቃል፣ ያረፈው ይተካል። በረዶው ሳይቀልጥ የይመር አልቆ የጎረቤቶቹም ከብት በዚያው ገብቶ ተከተበ። ከብት ከውስጥ፣ ሰው ከውጭ ነበርና አንድም ሰው አልተጫረም።

ሲያበቃ ይመር በቀጥታ ወደ ደባሱ ሄደና ጎኑን ዳበሰው።

"አመመህ?"

"ላብ አሞቀኝ እንጂ ምንም አላለኝ። አብሽር።"

ይመር እንባው መጣ። ሊደብቀውም አልሞከረም። "ብረቱን የገዛሁት እኮ እናንተን ላሳርፍ ብዬ ነበር" አለ።

"እንዴት ያለ ዕረፍት ነው እባክህ! እርጎዬን እንኳ አስደፋኸኝ!" አለ ደባሱ። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ፤ ሰዒዳም ሌላ እርጎ ሞልታ አመጣችለት።

ይመር ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ተናገረ። "አላህ ይስጥልኝ፣ አላህ ያክብራችሁ። ከብቴን አተረፋችሁልኝ። ካምና ጀምሮ የደባሱ ጎን እኔን ነበር የሚያመኝ፤ ዛሬ ትከሻውን ሰጥቶ ሲደግፍ ሳየው ቀለለኝ። በናንተ ላይ ሸክም መሆኔ ነው ያሳፈረኝ፤ እናንተ ግን ሸክም አላላችሁኝም። ይህ ብረት ከዛሬ ወዲያ የኔ ብቻ አይደለም። ግመሌ ላይ ተጭኖ በየደጃችሁ ይዞራል፤ እኔም አብሬው እዞራለሁ፣ ትከሻዬን ይዤ።"

"ልኩን ግን እንደገና ለካው" አለ አንዱ ከኋላ።

"ማን ለዳለቻ ይቆማል!" ሲል ሌላው መለሰ፤ እንደገና ተሳቀ። ይመር አብሮ ቢስቅም የሠራውን ስሕተት እያሰበ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ሼህ ኑርዬ ምርኩዛቸውን ከብረቱ ሥር አወጡ፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ሁሉም በየእምነቱ አሜን አለ። ከዚያ ይመርን አገጩን ይዘው ቀና አደረጉትና "አታቀርቅር ልጄ፤ ብረት ያጠበበውን ጎረቤት ያሰፋዋል" አሉት።